«የራስ ቅል የለውም እኮ»

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆቴል የጽዳት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። የሆቴሉ ስም ይቆየን።

ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ከላውንደሪ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ስወርድ፣ ከተቀጠረች ሁለት ሳምንት ያልሞላት ልጅ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ቆማለች። ሲንኩ ጠርዝ ላይ የቱቦ መክፈቻው ጠርሙስ አለ። የተዘጋ የፍሳሽ መስመር የምንከፍትበት፣ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ነው። እጇን ታጥባበታለች!

«ሳሙና መስሎኝ ነው ጋሼ» አለችኝ። «ያሟልጫል ደግሞ።»

እውነቷን ነው። ኮስቲክ ሶዳ የቆዳችንን ቅባት ራሱን ሳሙና ስለሚያደርገው ያሟልጫል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው ላያምም ይችላል። እሷንም መለብለብ የጀመራት አሽታ አሽታ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ሰው ተሰበሰበና ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ «ኮልጌት ቀቧት» ይላል። ሌላዋ ሎሚ ልታመጣ ወደ ኪችን ሮጠች። ሎሚ አሲድ ነው፤ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ሙቀት ይፈጥራል። በቃጠሎ ላይ ቃጠሎ መጨመር ማለት ነው። እኔ የማውቀው ውሃን ብቻ ነበር። ቀለበቷን አስወልቄ እጇን ቧንቧ ሥር ያዝኩት። ያን ቀን ውሃ አለመጥፋቱ የእግዜር ሥራ ነው። ሃያ ደቂቃ ሞላ፣ ማሟለጩ ግን አልለቀቀም። እስኪለቅ አጠብናትና ክሊኒክ ወሰድናት። ጣቶቿ መሃል ቆዳው ተልጦ ነበር፤ ለክፉ አልሰጣትም እንጂ። አራት ቀን ዐረፈች።

ስትመለስ ጠርሙሱን አምጥቼ «ይህን ምልክት አላየሽውም?» አልኳት። ዙሪያው ቀይ የሆነ፣ በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ነው። ውስጡ ከሁለት ብልቃጥ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ አንዱ ብረት ላይ፣ አንዱ እጅ ላይ።

«አይቼዋለሁ እንጂ! እጅ ላይ ሲፈስ ነው የሚያሳየው። የእጅ መታጠቢያ ነው ብዬ ነው። ደግሞ የራስ ቅል የለውም እኮ።»

መልስ አጣሁ። ምስሉን አስጠግቼ አየሁት። ፈሳሹ ያረፈበት ቦታ እጁ ተቦርቡሯል፤ ግን ቡርቡሩ ከምስር ፍሬ አይበልጥም።

የራስ ቅሉንማ ማን አያውቀውም? ትራንስፎርመር ላይ እያየነው ነው ያደግነው። ችግሩ፣ እሱ ከሌለ ጉዳት የለውም ብለን ማሰባችን ነው። የራስ ቅል በትንሹ ለሚገድል መርዝ ነው። ቆዳና ዓይን ለሚበላው ምልክቱ ያ እጅ ነው።

በነጋታው ሁሉንም ሰብስቤ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። እሳቱን ሁሉም አወቀው። የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ያለበትን «ዓሣ አይጠበስበትም» አሉኝ፤ ለአካባቢ፣ በተለይ ለውሃ ውስጥ ሕይወት ጎጂ ማለት ነው። ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ነገር ያለበትን ሰውዬ ደግሞ አንዱ «ልብ ድካም ያለበት አይንካው» አለ። እሱ እንኳን ብዙም አልራቀ፤ እንደ ካንሰር ያለ፣ ውሎ አድሮ የሚመጣ ከባድ የጤና ጉዳትን ነው የሚያመለክተው።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የኬሚካል አደጋ መለያ ሥርዓት ምልክቶቹ ዘጠኝ ናቸው። ማብራሪያቸው እኔ ጋ ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ፎልደር ውስጥ። ሥልጠና ሰጥቻለሁ ብዬም ፈርሜያለሁ። የአደጋውን ሪፖርት ስጽፍ «በሠራተኛዋ ቸልተኝነት» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሰረዝኩት።

ስብሰባው ሲያልቅ ልጅቷ ስቶር ገባች። በረኪናውን በጄሪካን እየገዛን በሃይላንድ ነበር የምናከፋፍለው። ሃይላንዱ ላይ ደግሞ ጭራሽ ምንም ምልክት የለም። ማርከር ተቀበለችኝና እያንዳንዱ ላይ እጅ ሣለችበት። ቡርቡሩን ግን የምስር ፍሬ አላሳከለችውም። ግማሽ መዳፉን ቆርጣ ጣለችው።