በነጠላ የተጠቀለለው መጽሐፍ

ዛሬ ነቀምቴ፣ የሚሲዮኑ ቤት የምሥረታ በዓል ላይ ነበርን። ከመዝሙሩም ከንግግሩም ይልቅ ልቤ የቀረው አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጋ ነው። ከነጠላቸው ፈትተው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ነው። ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፣ ጀርባው በጥቁር ክር ተሰፍቷል።

የልጅ ልጃቸው አጎንብሶ አየና፣ «አኮ፣ ይሄን ማንበብ አልችልም» አላቸው። እሱ የተማረው በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። ጣቱን ያዙና ፊደል በፊደል እያስነኩ አነበቡለት።

ይህን መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ የመለሱት ኦኔስሞስ ነሲብም አስቴር ጋኖም በልጅነታቸው ለባርነት ከቤታቸው የተነጠቁ ናቸው። ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ሚሲዮን ውስጥ ሆነው ነው በእናታቸው ቋንቋ የደከሙት። እንዴት አልረሱትም? ቀኑን ሙሉ ይሄን ሳስብ ዋልኩ።

ልንወጣ ስንል ልጁ አንዷን መስመር ብቻውን አነበባት።