አራት ኪሎ የተማርኩት ካርቱን

መሣል የለመድኩት ደብተር ጀርባ ላይ ነው። ካርቱን የተማርኩት ግን አራት ኪሎ፣ ጋዜጣ በሚከራይበት ጥግ ነው።

1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ወዲህ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈልቷል። አንድ መጽሔት ግማሽ ገጽ ሰጠኝ። ያልወጣ ሥዕል አይከፈልበትም።

ለመጀመሪያው ካርቱን ሦስት ሌሊት ለፋሁ። በሰው የታጨቀ ሚኒባስ ነው። የተሳፋሪውን ሹራብ ክር ሳይቀር ሣልኩ። ጥላውን በቀጭን ብዕር፣ መስመር በመስመር ሞላሁት። ታትሞ ሲመጣ የከሰል ጆንያ መስሏል። ለካ የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፤ የተጠጋጉ ቀጫጭን መስመሮች ተዋህደው ይጠቁራሉ። ከዚያ ወዲያ መስመሬን አወፈርኩ፣ ነጩን ቦታ አሰፋሁ። ይሄኛው ትምህርት ቀላሉ ነበር።

መጽሔቱ በወጣ ቀን አራት ኪሎ ሄጄ እቀመጣለሁ። መግዛት ያልቻለ ሰው በሳንቲም ተከራይቶ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልሳል። ስለዚህ ይቸኩላል። ከዚህ የባሰ ጨካኝ ዳኛ አላውቅም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ የኔ ገጽ ላይ ደረሰ። ከሥዕሉ ሥር የጻፍኩትን አራት መስመር አነበበ፤ ሥዕሉን ገረፍ አድርጎ አየና ገለጠው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ሆዴ ቡጭ አለ። ቤት ገብቼ ጽሑፉን በመዳፌ ሸፍኜ አየሁት። ሥዕሉ ዱዳ ነው። ቀልዱን የተሸከመው ጽሑፉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ስሸፍነው የሚሞት ሐሳብ ሁሉ ቅርጫት ይገባል። ሽንኩርት በተወደደ ሰሞን አንድ ራስ ሽንኩርት ወርቅ ቤት መስታወት ውስጥ አስቀመጥኩ። ውጭ አንዲት እናት ባዶ ዘንቢላቸውን ከኋላቸው ደብቀው ያያሉ። አንድም ቃል የለውም። ያን ቀን ተከራዩ ሲስቅ ሊስትሮው ብሩሹን አቁሞ አንገቱን አሰገገ። እሱ እንኳ በነጻ ነው ያየኝ።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ ጋዜጦች ሲዘጉ የኔም ገጽ አብሮ ሄደ። የልጆች መጽሐፍና የጤና ፖስተር እየሣልኩ ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ድሮ እንዲህ ያለውን ሥራ እንቅ ነበር። ፊደል ላልቆጠረ ሰው እጅ መታጠብን መሣል ግን ሚኒስትር ከመሣል ይከብዳል።

አሁን የምሥለው በታብሌት ነው። ስልክ ላይ ሲወጣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፤ ወፍራሙ መስመር እዚህም ጠቀመኝ። ላይኩ ይቆጠራል፣ የአንባቢው ፊት ግን አይታይም። ነውር መሆኑን እያወቅኩ ታክሲ ውስጥ የሰው ስልክ በዓይኔ እሰርቃለሁ።