ኖርማል የሚል መልስ ያልነበረው ፈተና

«ዶክተር፣ በሽታው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ጣቷን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ታንሸራትታለች። የባሏ ኢ.ኢ.ጂ. ነው፤ የአንጎሉ የኤሌክትሪክ ሞገድ። ከ20 ደቂቃ በላይ ከተቀዳው ውስጥ 10 ሰከንዱን ብቻ የያዘች አንዲት ገጽ። የግራ ጆሮ አካባቢን ከሚያሳዩት መስመሮች አንዱ ላይ አንዲት ሹል ነገር በቀይ እስክርቢቶ ተከባለች። የከበባት ተማሪዬ ነው።

የነርቭ ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው መሃል አዲስ አበባ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ለሬዚደንቶች፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚማሩ ሐኪሞች፣ በዙም ኢ.ኢ.ጂ. ማንበብ አስተምራለሁ። ጅማ ያለ አለ፣ ጎንደር ያለ አለ፣ እዚሁ ሜክሲኮ የሚኖርም አለ። ኢ.ኢ.ጂ. ከመጽሐፍ ብቻ የሚለመድ ነገር አይደለም፤ አጠገብህ ተቀምጦ «ይቺን እያት፣ ይቺን ተዋት» የሚልህ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ በየከተማው የለም። ስለዚህ ትምህርቱ ኦንላይን መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ ሁሉ በኋላም እንደዚያው ነው የማምነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ «ዶክተር ድምፅዎ እየተሰማ አይደለም» ይባላል፤ ግን ይማራሉ። ክፍል በሌለባቸው ቀናት ደግሞ ስምና የካርድ ቁጥር አጥፍቼ የአንድ ገጽ ፎቶ ቴሌግራም ላይ እልክና «ይሄ ምንድነው?» እላለሁ። ይሻማሉ። ያ ቀይ ክብ ያደረገው ልጅ ከሁሉም ፈጣኑ ነበር፤ ከ10 ጥያቄ 9ኙን ያገኛል። እኮራበት ነበር። አሁንም እኮራበታለሁ።

ባልየው ከሜክሲኮ ፒያሳ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ አርባዎቹን የጀመረ ሰው። (ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ።) ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ ወደቀ። ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ሰዉ ታጭቋል። መጀመሪያ ሞቀው፣ ከዚያ ላብ አጠመቀው፣ ዓይኑ ጭልም አለበት፣ ጆሮው ጮኸ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውስም። አጠገቡ የነበሩት እንደነገሩት እጁና እግሩ ለጥቂት ሰከንድ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት። ክብሪት ለማን እንደሚጫር አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ምርመራው እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ሰውየው ግን ወዲያው ነው የነቃው። የት እንዳለ ያውቃል፣ የደገፉትን ሰዎች በስማቸው ይጠራል፣ ምላሱን አልነከሰም። ሲነቃ ያሳሰበው ነጠላው ጭቃ መንካቱ ነበር።

ይህን ታሪክ ቁጭ ብሎ የሰማ ሐኪም የሚያየው በረሃብ፣ በመቆምና በሙቀት የደም ግፊቱ ወርዶበት ራሱን የሳተ ሰው ነው። እንዲህ ተዝለፍልፎ የወደቀ ሰውም ለአፍታ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ አይደለም። ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን «ወድቆ ተንቀጠቀጠ» የሚል ብቻ ነበር። ኢ.ኢ.ጂ. ታዘዘለት፤ ቅጂው ለተማሪዬ ደረሰው፤ «በግራ ቴምፖራል ኤፒሌፕቲፎርም ሞገድ» ብሎ ጻፈ፤ ግራ ጆሮ ግንድ አካባቢ የሚጥል በሽታን የሚጠቁም ሞገድ አለ ማለት ነው። ካርባማዜፒን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተጀመረለት። መኪና እንዳይነዳ ተነገረው፤ በሽታው ቢሆን ኖሮ ትክክለኛ ምክር ነበር። ስድስት ሳምንት ቤት ዋለ። መድኃኒቱ ያፈዘዋል። ሚስቱ ይህን ሁሉ ረጋ ብላ ነው የነገረችኝ፤ ድምጿ የተሰበረው አማቷ የልጃቸውን ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጥ መጀመራቸውን ስትነግረኝ ነው። የሚጥል በሽታ አይተላለፍም። ቢሆንም ስንቱ ቤት ብርጭቆ ይለያል።

ሙሉውን ቅጂ አስመጥቼ ከፈትኩት።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለማስተማሪያ የሚሆኑ ናቸው። ዓይኑን ሲጨፍን ከጭንቅላቱ ኋላ በኩል አልፋ ሞገድ ይመጣል፣ በሰከንድ 10፣ የተስተካከለ። ዓይኑን ሲገልጥ ይጠፋል። እንዲህ መሆን አለበት። ዘጠነኛው ደቂቃ አካባቢ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው፤ አልፋው ሳሳ፣ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወዲህና ወዲያ መንከባለል ጀመረ። ያኔ ነው ግራ ጎኑ ላይ እነዚያ የመጡት። በሰከንድ 8 ያህል፣ ልክ እንደ ተደረደሩ ቅስቶች፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። ለሁለት ሰከንድ ይደረደሩና ይቆማሉ። አንዳንዴ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ዘለል ብሎ ይወጣል። ቀይ ክብ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ከኋላው ዘገምተኛ ሞገድ አልተከተለም። ዙሪያው ያለው ሞገድ አልተረበሸም፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ቴክኒሻኗ ስሙን ጠርታ ስታነቃው ሁሉም ጠፋ።

ይህ ዊኬት ይባላል። በሰከንድ ከ6 እስከ 11 የሚመጣ ቅስት መሰል ሞገድ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ በተለይ ሲያንቀላፉ፣ ጆሮ ግንድ አካባቢ ይታያል። ጉዳት የለውም። ችግሩ ከተርታው ተነጥሎ አንዱ ብቻውን ሲመጣ እውነተኛ ስፓይክ፣ የሚጥል በሽታን የሚጠቁመውን ሹል ሞገድ፣ መምሰሉ ነው፤ በዚህ ምክንያት በሽታው ሳይኖርባቸው መድኃኒት የሚጀምሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ። የዓለም አቀፉ የክሊኒካል ኒውሮፊዚዮሎጂ ፌደሬሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የቃላት መፍቻ ላይ አንድን ሞገድ ኤፒሌፕቲፎርም ለማለት ከ6 መለኪያዎች ቢያንስ 4ቱን ማሟላት አለበት ይላል። ሹል መሆን አንዱ ብቻ ነው። የሚቆይበት ጊዜ ከዙሪያው ሞገድ መለየት አለበት፤ መውጫውና መውረጃው እኩል መሆን የለበትም፤ ዘገምተኛ ሞገድ ይከተለዋል፤ ዙሪያውን ይረብሻል፤ ጭንቅላት ላይ ያለው አሰፋፈርም ምንጩ አንጎል መሆኑን ማሳየት አለበት። የሹፌራችን ሞገድ ሹል ነበር፤ ምንጩም አንጎል ነው። ከዚያ ውጭ ለማሟላት የሚሞክረው እንኳ የለም።

ተማሪዬን ደወልኩለት። በማግስቱ አምባሳደር አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። ላፕቶፑን ከፍቼ ያለ አንድ ቃል ከዘጠነኛው ደቂቃ ጀምሮ አሳየሁት። ሦስት ገጽ ሳናልፍ ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

«ዶክተር፣ ዊኬት መሆኑን አሁን አየሁት» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን እርስዎ በሚልኩልን ፎቶ ውስጥ 'ምንም የለም' የሚል መልስ ኖሮ አያውቅም። ገጹን ሳይ የቱ ጋ እንደሆነ ነው የምፈልገው፤ መኖሩን ተጠራጥሬ አላውቅም» አለኝ።

ክስ አልነበረም። ከልቡ ነው የነገረኝ። ማታ ቤት ገብቼ የቴሌግራም ግሩፑን ከመጀመሪያው ጀምሬ ወደ ታች ወረድኩ። 87 ፎቶ ልኬያለሁ። ከ87ቱ ኖርማል የሆነ አንድም የለም። ስፓይክ፣ ሻርፕ ዌቭ፣ በሰከንድ 3 የሚመጣው የልጆች አብሰንስ (ለአፍታ ፈዘው የሚቀሩበት የሚጥል በሽታ ዓይነት)፣ ሁሉም የሚያምር፣ ሁሉም የተመረጠ። ዊኬትን ያስተማርኩት አንድ ማታ፣ በአንድ ስላይድ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ነው። በእውነተኛ ሥራ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው ኖርማል ቅጂ ነው። ልጁ ያስተማርኩትን ነው የሠራው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያኔ ነው በትክክል ያየሁት፤ ለእሱም በማግስቱ እንደዚያው ነገርኩት።

ሌላም ነገር ነበረ። «በምንድን ነው ያነበብከው?» ስለው ስልኩን አወጣ። ኢ.ኢ.ጂ. በተለመደው አቀማመጥ አንድ ሰከንድ 30 ሚሊ ሜትር ይይዛል፤ 10 ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ስልክ አግድም ተይዞ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ሞገዱ በግማሽ ይጨመቃል። ስልኩን ከላፕቶፔ ጎን አድርገን ያንኑ ገጽ ከፈትን። ላፕቶፑ ላይ ጫፉ ክብ ብሎ የሚታየው ቅስት ስልኩ ላይ መርፌ ይመስላል። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። እኔ ለዓመታት ፎቶ ወደ ስልካቸው እየላክሁ፣ እዚያ ማዶ ያለው ሰው ምን እያየ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ፎቶ ደግሞ ሌላም ይከለክላል፤ ሞንታዡን (ኤሌክትሮዶቹ እየተጣመሩ የሚታዩበትን አደራደር) መቀየር አይቻልም፣ ማጉላት መቀነስ አይቻልም፣ ከዚያች ገጽ በፊትና በኋላ ምን እንደነበረ አይታይም። ሰውየው ነቅቶ ነበር ወይስ አንቀላፍቶ? ፎቶው አይናገርም።

ፎቶ የምልከው ለኢንተርኔቱ ብዬ ነበር። ሙሉ ቅጂ ከባድ ነው፣ ገጠር ላሉት አይደርስም ብዬ። አንድ ቀን መጠኑን አየሁት፤ የግማሽ ሰዓት ኢ.ኢ.ጂ.፣ ቪዲዮው ሳይጨመር፣ ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ነው። የአንድ ማታ የዙም ቅጂ ከዚያ ይበልጣል። ኢ.ዲ.ኤፍ. በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጣል፣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ይከፍተዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ አለማየቴ ይቆጨኛል።

አሁን የመጀመሪያው ወር ኖርማል ብቻ ነው። ሙሉ ቅጂ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ በኮምፒውተር። ኮምፒውተር የሌለው ከሆስፒታሉ ላይብረሪ ይገባል፤ በስልክ ማዳመጥ እንጂ ማንበብ የለም። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም፣ «ዶክተር፣ ምንም የለውም እኮ» ይላሉ። ምንም የሌለውን ደጋግሞ ያላየ ያለውን እንዴት ይለየዋል?

ከሁሉ የወደድኩት ግን የሲስተርን ክፍል ነው። ቴክኒሻናችንን፣ በሥራው ላይ ረጅም ዘመን የቆዩትን፣ አንድ ሐሙስ ዙም ላይ አስገባኋቸውና ካሜራውን ወደ ታካሚዋ ጭንቅላት አዞርነው። ፈቃዷን የሰጠች ወጣት ነች፣ ሹሩባ የተሠራች፣ ቅቤ የተቀባች። ሲስተር ሜትሩን ይዘው የኤሌክትሮዶቹን ቦታ ለማወቅ ጭንቅላቷን በ10-20 ዘዴ ለኩ፤ በዓይኖች መሃል ካለው የአፍንጫ መነሻ እስከ ጭንቅላት ኋላ ጉብታ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ። ከዚያ ኤሌክትሮዱን ሲለጥፉ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ቁጥር ከሚፈለገው 5 ኪሎ ኦም በታች አልወርድ አለ። ቅቤው ነው። በአልኮል ጠራረጉ፣ በሹሩባው መሃል ቆዳውን በጣታቸው ፈለጉ፣ ቀስ ብለው አሹት። ቁጥሩ ወረደ፣ ተረብሾ የነበረው መስመር ጸዳ። ጎንደር ያለው ልጅ «ይሄንን የተረበሸ ሞገድ ስንት ጊዜ አይቼ ከአንጎል ነው ብዬ ነበር» ብሎ ጻፈ። ሲስተር ደግሞ ማያ ገጹን ጠጋ ብለው «ልጆቼ፣ እኔ ከታች የምጽፈውን ታነባላችሁ?» አሉ። የሚጽፉት እንዲህ ያለውን ነው፦ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንቀላፋ፣ አኘከ፣ ስልክ ጮኸ። አብዛኞቹ አያነቡትም ነበር። ፎቶ በምልክበት ጊዜ ያንን መስመር የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ ለውበቱ ብዬ።

የሰው አንጎል ሞገድን መጀመሪያ የቀዳው ሃንስ በርገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1924፣ ጀርመን ዬና ከተማ። ያሳተመው ግን በ1929 ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ያየው ነገር ከአንጎል የመጣ መሆኑን ሲጠራጠርና ደጋግሞ ሲፈትሽ አሳልፏል። ይህን ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ እነግራለሁ፤ የራሱን ሞገድ ያን ያህል ጊዜ ከተጠራጠረ እኛ አምስት ደቂቃ አንጠራጠርም?

ሹፌሩን ተማሪዬና እኔ አብረን ነው ያገኘነው። ልቡን በኢ.ሲ.ጂ. አየነው፣ ደህና ነው። ግፊቱን ተኝቶም ቆሞም ለካነው። የወደቀበትን ቀን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲነግረን ጠየቅነው፤ ተማሪዬ ነው የጠየቀው፣ ሳያቋርጥ ነው የሰማው። ከዚያ መሳሳታችንን ነገርነው፣ ይቅርታም ጠየቅነው። መድኃኒቱ በድንገት እንደማይቆም፣ ቀስ እየተባለ እንደሚቀነስ አስረዳነው። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ መቼ መንዳት እንደሚችል። ሚስቱ ያቺን ቀይ ክብ ያለባትን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ለተማሪዬ ሰጠችውና «ለእናቱም እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» አለችው። በአማርኛ፣ በእጁ፣ ማኅተም አድርጎ ጻፈላት።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የ24 ደቂቃ ቅጂ ያለ ምንም ማብራሪያ ላክሁ። መልሶቹ ከአንድ ሰዓት በኋላ መምጣት ጀመሩ። አንዷ «ስፓይክ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። ያ ቀይ ክብ ያደረገው ተማሪዬ ከሁሉም መጨረሻ ነው የመለሰው፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አልፎ። «ኖርማል፣ የነቃና ያንቀላፋ። 14ኛው ደቂቃ ላይ ያለው ሲስተር እንደጻፉት ነው፣ ማስቲካ ነው። አስተፍተውታል።»