ወለል የሌለው ሣጥን

ባለፈው ዓመት መስከረም፣ ለገጣፎ የሚገኘውን ቤቴን ሳሳድስ፣ በጣሪያው ቆርቆሮና በግድግዳው መካከል የነበረችውን ክፍተት በጠራራ ፀሐይ አስደፈንሁ። ሌሊቱን ከኮርኒሱ በላይ የጭረት ድምፅ ስሰማ አደርሁ፤ መውጫ ያጡት የሌሊት ወፎች መሆናቸው የገባኝ ሲነጋ ነው። ክፍተቷን ወዲያው አስከፈትሁ፤ ከሳምንት በኋላም፣ ሲመሽ አንድ በአንድ መውጣታቸውን ቆሜ ካየሁ በኋላ፣ በባትሪ ብርሃን መልሼ አስደፈንኋት። እናቶቹ በሚያጠቡበት ወቅት ቢሆን ኖሮ ግን ይህም ጥንቃቄ አይበቃም ነበር፤ መብረር ያልቻለ ልጅ ውስጥ ቀርቶ ይሞታልና። ኦሪት ዘሌዋውያን የሌሊት ወፍን ከአዕዋፍ ጋር ቢቆጥራትም፣ ወልዳ የምታጠባ እንስሳ ናት፤ አብዛኞቹ ዝርያዎችም በአንድ ጊዜ ከአንድ ልጅ በላይ አይወልዱም።

ቤታቸውን ስለ ወሰድሁባቸው ሌላ ላሠራላቸው ወሰንሁ። አናጺው የርግብ ቤት የመሰለ ነገር ሠርቶ ካመጣልኝ በኋላ ወለሉን እንዲነቅለው ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ታዲያ በምን ላይ ሊቆሙ ነው?» አለኝ። የሌሊት ወፍ አትቆምም፤ በእግሮቿ ጥፍር ተንጠልጥላ ታርፋለች፣ የምትገባውም ከታች ነው፤ ኩሷም ወለል ከሌለ በዚያው ይወርዳል እንጂ አይከማችም። ስለዚህ ሣጥኑ ቁመቱ 60፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ በፊተኛውና በኋለኛው ጣውላ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠባብ ክፍተት ብቻ ተተወለት። ጣውላው ያልተላገ ጽድ ነው፤ ለጥፍራቸው መያዣ እንዲሆን ውስጡ በአግድም በመጋዝ ተቧጥጧል፤ የኋለኛው ጣውላ ማረፊያ እንዲሆናቸው ከታች ትንሽ ረዝሟል። ቀለምም ሆነ የምስጥ መድኃኒት በውስጡ አልተቀባም፤ ሽታውና መርዙ እነርሱኑ ይጎዳልና።

ያስቸገረኝ አቅጣጫው ነው። በአውሮፓ የሚሰጠው ምክር ሣጥኑ ወደ ደቡብ ይዙር ይላል፤ እኛ ዘንድ ግን ፀሐይ በክረምት ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ያ ምክር በቀጥታ አይሠራም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ በመሆኑም የማለዳው ፀሐይ እንዲያሞቀው ወደ ምሥራቅ አዞርሁት። ዛፍ ላይ ያልሰቀልሁት ቅርንጫፍ ጥላ ስለሚጥልና ድመት ስለሚያወጣ ነው፤ በግድግዳው ላይ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

ጎረቤቶቼ ትንኝ ያጠፉልሃል ይሉኛል። ነፍሳት በሊታ መሆናቸው እውነት ነው፤ የእሳት ራትና ጥንዚዛም ይበላሉ፤ ትንኝን ግን ያጠፋሉ ብዬ ለማንም ቃል አልገባም። የምሰጠው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፦ መሬት ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አትነካም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለችና።

ሣጥኑ ሰባት ወር ባዶውን ከረመ። በሰኔ መጀመሪያ ግን ከሥሩ በሲሚንቶው ላይ የአይጥ ኩስ የሚመስል ጥቁር ፍሬ አየሁ፤ በእንጨት ስጫነው እንደ ዱቄት ፈረሰ፣ የነፍሳት ክንፍ ስባሪም አብለጨለጨ። የአይጥ ኩስ እንዲህ አይፈርስም። በዚያው ምሽት፣ ሣጥኑ ላይ እንዳያበራ፣ የበረንዳውን አምፖል ወደ በሩ አዞርሁት።