ጆንያ የለበሰው ሙዝ

ሰኔ 2013 ላይ ከአርባ ምንጭ ስመለስ አንድ የሙዝ ችግኝ በማዳበሪያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ጫንኩ። ረዳቱ የዕቃ ሒሳብ ተቀበለኝና «ሰው ሙዙን ይዞ ይመለሳል፣ አንተ ግንዱን?» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈርድበትም። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ያለው ግቢያችን ደግሞ 2,400 ግድም። ሙዝ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ቅጠል ማውጣቱን ያዘገያል፤ ከ10 በታች ከሆነ ጭራሹን ያቆማል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን ደግሞ ሰውንም ጋቢ የሚያስደርብ ነው።

ችግኟ ድንኩ ካቨንዲሽ የሚባለው ዝርያ ነበረች። መሐል ግቢ ተከልኳት፤ እስከ ጥቅምት ሦስት ቅጠል ጨመረች። ኅዳር 12 ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያጥን እኔም አጠንኩ፤ ጭሱ ውርጭ ይከለክላል ያለኝን ሰው አምኜ። በሳምንቱ ጠዋት ስወጣ ቅጠሎቿ የፈላ ውኃ የተደፋባቸው ይመስል ተልፈስፍሰዋል። ከሰዓት በኋላ ጠቆሩ። (አመዱ ግን ጠቅሞኛል፤ ሙዝ ፖታሲየም ይወዳል፣ አመድ ውስጥ ደግሞ አለ።)

ደንግጬ ከእግር እስከ ራሷ በላስቲክ ጠቀለልኳት። ከሠራሁት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ላስቲኩ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ያልባል፣ ማታ ላቡ ይቀዘቅዛል፣ አየር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ስከፍተው የተበላሸ ሊጥ ይሸታል።

ቆርጬ ልጥላት ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። የሙዝ ግንድ እንጨት አይደለም፤ የቅጠል እግሮች እንደ ሽንኩርት ተደራርበው የቆሙት ነው። ከላይ ቆረጥኩ፤ ቡናማ፣ የሚገማ። ዝቅ ብዬ ደገምኩ፤ አሁንም ቡናማ። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ሲቀረኝ ግን የተቆረጠው ቦታ ነጭ ሆነ፣ ውኃም አቀረረ። እስቲ ይቆይ ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ መሐል ላይ የተጠቀለለው ለጋ ቅጠል ከተቆረጠው በላይ ሁለት ጣት ያህል እንደ ጧፍ ወጥቶ ቆሟል።

ያን ማታ ነው የገባኝ። ስጨነቅለት የከረምኩት ቅጠል ለካ ቢሞትም ይተካል። ዋናው ነገር ከአፈር ሥር ያለው ድቡልቡል ግንድ ነው፤ በእንሰት አሚቾ የሚባለው ዓይነት። እሱ ካልበሰበሰ ሙዟ አለች። ወልቂጤ አካባቢ ያደገው የሠፈራችን ባለሱቅ ይህን ስነግረው «የኛ እንሰት የዚችው ዘመድ ነው፤ ግን ልብስ አይጠይቅም» ብሎ ኮራብኝ። እውነቱን ነው፣ እንሰት 3,000 ሜትር ላይም ይበቅላል።

ግንቦት 2014 ላይ ነቅዬ ከድንጋይ ግድግዳው ሥር፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ በታች ተከልኳት። ግድግዳው ወደ ደቡብ ያያል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ማታ ያንኑ ይመልሳል። ክፈፉ ደግሞ ሰማዩን ይጋርዳል። በጋ ላይ ደመና ስለሌለ መሬቱም ቅጠሉም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፤ ውርጩ የሚመጣው ከዚያ ነው። መርካቶ ሁለት ቴርሞሜትር ገዝቼ አንዱን ድሮ ተክያት የነበረበት ቦታ፣ አንዱን ከሙዟ ጎን ሰቀልኩ። አንድ የታኅሣሥ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መሐል ግቢው 3 ዲግሪ ሲል ግድግዳው ሥር 7 አለ። አራት ዲግሪ ለሙዝ ብዙ ነው።

ከዚያ ጀሪካኖቹ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁልጊዜ ስድስት ሰባት ቢጫ ጀሪካን ሞልተን እናስቀምጣለን። እነሱን ወስጄ ዙሪያዋን ደረደርኳቸው። ቀን የሞቀው ውኃ እስኪነጋ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የቤቱ ሰውም ሲፈልግ ከዚያው ይቀዳል።

በላስቲክ ፈንታ አየር የሚያስገባ ጆንያ አለበስኳት፤ በግንዱና በጆንያው መሐል ጭድ ጠቀጠቅኩ። ጭዱ ውስጥ የቀረ ጤፍ ስላለ አይጥ ገባበትና ግንዱን ፋቀው። አሁን የራሷን ደረቅ ቅጠል ነው የምጠቀመው። በውርጭ የጠቆረውንም ቅጠል እስከ መጋቢት አልቆርጥም፤ ተንጠልጥሎ ይጋርዳታል። ውኃ በበጋው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ያውም ጠዋት። ቀዝቃዛ ጭቃ ከውርጭ በላይ ይገድላል።

ጆንያዋን ባለበስኳት የመጀመሪያ ምሽት ጎረቤታችን እማማ በአጥር አሻግረው አይተው «አንተ ልጅ፣ ማንን ነው የምትገንዘው?» አሉኝ። «ሙዝ ነው እማማ» ብላቸው አማተቡ።

በታኅሣሥ 2016 አበባ ያዘች። ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ ዘለላው ከግንዱ አናት መውጣት አቅቶት አንገቷ ላይ ታንቆ ቀረ። ብርድ ላይ ሲያብብ የሚያጋጥም ነው። አንድ ግንድ ደግሞ የሚያፈራው አንዴ ብቻ ስለሆነ ቆረጥኳት። ደግነቱ ከጎኗ ከወጡት ልጆች አንዷን አስቀርቼ ነበር፤ ቅጠሏ እንደ ጎራዴ ጠባብ የሆነችውን። ሰፊ ቅጠል ይዘው የሚወጡት ሲያዩአቸው ያምራሉ እንጂ ከእናታቸው ጋር የተያያዙት በደካማው ነው፤ እነሱን ነቀልኳቸው። ያቺ ልጅ መጋቢት 2017 ላይ አበበች። የኔ ብልሃት ነው አልልም፣ ወሩ ነው የገጠመላት።

ከአበባ እስከ መቁረጥ ሰባት ወር ፈጀ። መሐል ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ እማማ ለድፎ ዳቦ ቅጠል ልከው ጠየቁ። ኮባ ገበያ ሞልቷል፤ ፍሬ የያዘች ሙዝ ደግሞ እያንዳንዱ ቅጠል ያስፈልጋታል። እንቢ ማለት ግን ከበደኝና ከታች ያሉትን አሮጌ ሁለት ቆረጥኩላቸው። ዳቦው ከሰዓት በኋላ እንደሞቀ መጣ።

ጥቅምት ላይ ዘለላውን አወረድኩ፤ 41 ፍሬ፣ ከጣቴ ብዙም የማይረዝም፣ ልጣጩ ወፍራም። ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። አሥሩን ለእማማ ወሰድኩ። አንዱን ልጠው ቀመሱና «ይሄን ነው ስትገንዘው የነበረው?» አሉ። ጆንያዎቹን አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቻቸዋለሁ፤ ኅዳር ገብቷል።