የአባቴ ከዘራ

ትናንት አባቴ 78 ዓመት ሞላቸው። ከኬኩ በፊት ጎልፍ ካልተጫወትን አሉ፤ ሄድን። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ የ9 ዓመት ልጄ ለመምታት ስትዘጋጅ፣ የጎልፍ ዱላቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው በቀስታ ቁጢጥ አሉና የሣሩን ተዳፋት አዩ።

«ወደ ግራ ይወስድብሻል።»

«አባባ፣ ቀጥ ያለ ነው!»

መታቻት። ኳሷ ወደ ግራ ታጥፋ 108 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሰፋውን ጉድጓድ ስታው አለፈች። አባቴ ሳቃቸውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። ከዚያ ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉላት፤ ስባ አስነሣቻቸው።

በሃንዲካፕ ስሌት ለደካማው ተጫዋች ተጨማሪ ምት ስለሚታሰብለት ሁለቱ በእኩል ይፎካከራሉ (ይህን ያሰበውን ሰው እወደዋለሁ)። የእሳቸው የተጨማሪ ምት ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ የእሷ እየቀነሰ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ኬኩን ስንቆርስ ክሬሙ ቀልጦ ነበር።