ቅድም ወጣ ወይስ ቅድም ወረደ? የሦስት ወር የሪፕሌይ ልምምዴ

የቀጥታ ዴሞውን (በቀጥታው ገበያ ላይ ያለ እውነተኛ ገንዘብ መለማመጃውን) ትቼ ያለፈ ገበያን ቲክ በቲክ፣ ማለትም የተመዘገበውን እያንዳንዱን ግብይት በተራው፣ እያጫወትኩ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሞላኝ፤ ሪፕሌይ የምለው ይህን ነው። የራሴን ገንዘብ አላስገባሁም፤ የማስገባት ዕቅድም የለኝም። ልቤን የያዘው ዋጋ ከውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መረዳት ነው።

ወደዚህ የገፋኝ መጀመሪያ ሰዓት ነበር። የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እኔ የምለማመድበት ማይክሮ ኢ-ሚኒ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ፊውቸርስም (የአሜሪካን ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን መለኪያ ተከትሎ የሚገበያይ ትንሽ የወደፊት ውል) የሚሟሟቀው ያኔ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ያ ሰዓት አስተምሬ ደክሜ የምገባበት፣ መብራትም ብዙ ጊዜ የሚጠፋበት ነው። የሪፕሌይ ፋይል ግን ሌሊት ካወረድኩት በኋላ ኔትወርክ አይጠይቀኝም። የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ የማክሰኞን ገበያ ቅዳሜ ጠዋት እሠራዋለሁ።

ዋናው ትምህርት የመጣው ግን ከአጎቴ ነው። ቢቸና እህል ይነግዳል። ለበዓል እኛ ጋ መጥቶ ሳለ የአንድ ደቂቃ ካንድል (የደቂቃውን ዋጋ በአንድ ዘንግ የሚያሳይ ሥዕል) አሳየሁትና መክፈቻውን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን፣ መዝጊያውን አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ “ቅድም ወጣ ወይስ ቅድም ወረደ?” አለኝ። “ጤፍ ጠዋት ተወዶ ከሰዓት ከረከሰ፣ ጠዋት እሸጣለሁ። ጠዋት ረክሶ ከሰዓት ከተወደደ ግን ጠዋት እገዛለሁ። ይህ ሥዕል የቱ እንደሆነ አይነግረኝም እኮ፣ ልጄ።” መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት የድሮ ሙከራዎቼን በቲክ ደግሜ አየኋቸው። ምሳሌ ላሳያችሁ። 5,000 ላይ ገዝቻለሁ፤ ስቶፕ ሎሴ (ኪሳራ ቆርጦ የሚያስወጣኝ ትዕዛዝ) 4,998፣ ቴክ ፕሮፊቴ (ትርፍ ይዞ የሚያስወጣኝ ትዕዛዝ) 5,003 ነው። ቀጣዩ ደቂቃ 5,001 ላይ ከፈተ፤ ጣሪያው 5,003.25፣ ወለሉ 4,997.75። ሁለቱም ትዕዛዞቼ አንድ ካንድል ውስጥ ተነክተዋል። በካንድል ብቻ የሚሠራው መፈተሻዬ (ስልትን ባለፈ ዋጋ የሚሞክር ፕሮግራም) መክፈቻው ለጣሪያው ስለቀረበ “መጀመሪያ ወጥቷል” ብሎ ይገምትና 15 ዶላር ትርፍ (3 ነጥብ፣ በነጥብ 5 ዶላር) ይጽፍልኛል። ቲኩ ሲጫወት ግን ዋጋው ቅድሚያ ወርዶ ስቶፔን ከበላ በኋላ ነው የወጣው፤ 10 ዶላር ኪሳራ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ያመንኩበት ስልት ብዙው ትርፉ ከእንዲህ ዓይነቱ ግምት የመጣ ነበር። በጣም አዘንኩ፤ ግን ማወቄ በጀኝ።

ሜታትሬደር 5 የተባለውን የመገበያያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ልብ በሉ፦ በመፈተሻው “እያንዳንዱ ቲክ” የሚለው ምርጫ ቲኮቹን ከደቂቃ ካንድል ላይ ራሱ ይፈጥራቸዋል። በትክክል የተመዘገቡትን የምታገኙት በእውነተኛ ቲክ ላይ የተመሠረተውን ስትመርጡ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቲክ ፋይል ረጅም መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ሰዓቱን እስከ ሚሊሰከንድ፣ ዋጋውን፣ ብዛቱን፣ በዚያ ቅጽበት የነበረውን ቢድና አስክ (ገዢ የሚሰጠውንና ሻጭ የሚጠይቀውን ዋጋ) ይይዛል። ሪፕሌዩ የራሱ ሰዓት አለው፤ ጊዜው የደረሰውን መስመር ብቻ ለቻርቱ ይለቅለታል። በሁለት ግብይት መካከል 40 ሚሊሰከንድ ካለፈ 40 ይጠብቃል፤ በ10 እጥፍ ፍጥነት ከሆነ 4። ካንድሉ ተሠርቶ አይመጣም፣ ዓይናችሁ እያየ ይገነባል፤ ኢንዲኬተሩም (ከዋጋው ተሰልቶ ቻርቱ ላይ የሚወጣው ምልክት) ያልመጣውን መስመር ማየት አይችልም። ወደ ኋላ ልመለስ ስል ለምን እንደሚዘገይ ግራ ይገባኝ ነበር። ለካ የትዕዛዝ መዝገቡ (በየዋጋው ተሰልፈው የሚጠብቁት ትዕዛዞች ዝርዝር) ከመነሻው ጀምሮ መስመር በመስመር የተከማቸ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ወይም በየመሃሉ ካስቀመጠው ቅጂ ተነስቶ እንደገና ማንበብ አለበት።

“ቲክ” የሚለው ቃልም ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ይህ የመዝገብ መስመር፣ ሌላው ትንሹ የዋጋ እርምጃ። በማይክሮው እርምጃው 0.25 ነጥብ፣ ዋጋው 1.25 ዶላር ነው።

አሁን የምታገለው ከሊሚት ኦርደር (በወሰንኩት ዋጋ ወይም ከዚያ በተሻለ ብቻ ግዛልኝ ከሚል ትዕዛዝ) ጋር ነው። ዋጋው የእኔን ቁጥር ነክቶ ከተመለሰ ፕሮግራሙ “ተገዝቷል” ይለኛል። በቀጥታው ገበያ ግን በዚያ ዋጋ ከፊቴ የተሰለፉ አሉ፤ የቤንዚን ወረፋ ቆማችሁ ተራችሁ ሳይደርስ ማደያው አለቀ እንደሚለው ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋው የእኔን ቁጥር ቢያንስ አንድ እርምጃ ካላለፈው እንደተገዛ አልቆጥረውም። በዚህ ደንብ ከድሮ ግዢዎቼ ብዙዎቹ ወደቁ። ይህም ቢሆን አንድ ጉድለት ይቀራል፦ የተመዘገበው ገበያ የእኔን ትዕዛዝ አላየውም፣ አይመልስልኝምም። በአንድ ማይክሮ ውል ለውጡ ትንሽ ነው፤ በ50 ውል የምትለማመዱ ግን ውጤታችሁን አትመኑት።

ስለ ፍጥነት፦ በ10 እጥፍ የስድስት ሰዓት ተኩሉ ውሎ በ39 ደቂቃ ያልቃል። ለግምገማ ይመቻል፤ ለውሳኔ ግን እጅ ያጣድፋል። በሚቀጥለው ወር የመክፈቻውን አንድ ሰዓት ብቻ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ሳልዘል ለመሥራት ወስኛለሁ። ከእናንተ መካከል የወረፋ ቦታን የሚገምት ሪፕሌይ የሞከረ ካለ፣ እንዴት እንዳገኘው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።